ለከፍተኛ ኮምፕሬሽን የውድድር ሞተር የቴስታታ ጋስኬት አመራረጥ፦ ደረጃ በደረጃ

የውድድር ሞተር የሚሠሩ ሰዎች የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚገጠመው ቴስታታ መካከል ገብቶ የሚያሽገው) ሲቃጠልባቸው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ ውድ የሆነ ሌላ ጋስኬት ይገዛሉ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ ይቃጠላል። ጋስኬት በራሱ ጉልበት የለውም። የሚያሽገው ቡሎኖቹ በሚሰጡት የማጥበቅ ኃይልና የብሎኩና የቴስታታው ፊቶች ባላቸው ጥራት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጋስኬቱ በፊት ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ግዢው የሚመጣው ሰባተኛው ደረጃ ካለቀ በኋላ ነው። የአንዱ ደረጃ ውጤት ለቀጣዩ ስለሚያስፈልግ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ያሰናዱ፦

- ማይክሮሜትር፣ ካሊፐር፣ ዲያል ኢንዲኬተር ከነማቆሚያው እና ፊለር ጌጅ
- ልኩ የተረጋገጠ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ከቴስታታው የሚረዝም
- በሚሊሊትር የተከፋፈለ የፈሳሽ መለኪያ ቱቦና መሐሉ የተበሳ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ
- በቅርቡ የተፈተሸ ቶርክ መፍቻ
- የስታዶቹ (ብሎኩ ላይ ተተክለው ከላይ በዳዶ የሚጠብቁት ባለ ጥርስ ዘንጎች) አምራች የሰጠው የቶርክ፣ ማለትም የማጥበቂያ የማዞር ኃይል፣ እና የቅባት መመሪያ

ደረጃ 1፦ የተቃጠለውን ጋስኬት ያንብቡ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቴስታታውን አይፍቱ። ሲፈቱም ከዳር ወደ መሐል፣ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ። ጋስኬቱን ከማንሳትዎ በፊት የፊት ለፊቱን አቅጣጫና የሲሊንደሮቹን ቁጥር በማርከር ይጻፉበት፤ ይህ ካልተደረገ የሚያዩት ምልክት የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ በኋላ ማወቅ አይቻልም።

ከዚያም ጋስኬቱን በጠንካራ ብርሃን ሥር ይመርምሩ። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ቀለበት ተጠፍጥፎ ወይም ተገፍቶ ከተገኘ፣ በተለይም የፒስተኑ አናት ጠርዝ በአሸዋ የተመታ መስሎ ከሻከረ፣ ጥፋቱ የማንኳኳት፣ ማለትም ድብልቁ በራሱ በድንገት ፈንድቶ የመምታቱ፣ ነው። ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ጎረቤቱ የሚያልፍ ጠባብ ጥቁር መስመር በሁለቱ መካከል ያለው ጫና ማነሱን ያመለክታል። ጋስኬቱ ላይ የታተመው አሻራ በአንድ በኩል ደማቅ፣ በሌላው በኩል ደብዛዛ ከሆነ ፊቱ ጠማማ ነው ወይም ቡሎኖቹ እኩል አልጠበቁም። ሽፋኑ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ብረት የሚታይባቸው ቦታዎች ደግሞ ቴስታታው በብሎኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት እንደነበር ይናገራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምክንያቱ ማንኳኳት ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ። ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ)፣ የነዳጁን ኦክቴን፣ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን እና የማቀዝቀዣውን ሥርዓት ሳያስተካክሉ ጋስኬት መምረጥ ከንቱ ድካም ነው። ማንኳኳት የሚፈጥረውን ድንገተኛ የግፊት ምት ለረጅም ጊዜ የሚችል ጋስኬት የለም። ጋስኬቱ ቢችለው እንኳ በእሱ ፈንታ ፒስተኑ ወይም ብሮንዚኑ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ማረፊያ) ይሰበራል።

ደረጃ 2፦ የማጥበቂያውን አቅም ያስሉ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የማቃጠያው ከፍተኛ ግፊት በጋስኬቱ ቀዳዳ የክበብ ስፋት (ኤሪያ) ሲባዛ የሚገኘው ነው። የቀዳዳው ዲያሜትር 87 ሚሊሜትር፣ ከፍተኛው ግፊት 100 ባር ቢሆን፣ አንድ ሲሊንደር ብቻውን ቴስታታውን 59 ኪሎኒውተን ገደማ በሆነ ኃይል ይገፋዋል፤ ይህም ከ6 ቶን ክብደት ጋር ይቀራረባል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ቡሎኖች ይህን ግፊት ከመቋቋም አልፈው ጋስኬቱን ተጭኖ የሚያቆይ በቂ ትርፍ ኃይል ሊኖራቸው ይገባል። ትርፉ ሲያንስ ቴስታታው በእያንዳንዱ ቃጠሎ ለዓይን በማይታይ መጠን ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት ጋዙ ያመልጣል።

1. ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣው ሲጠብቁ በሚለጠጡ ቡሎኖች ከሆነ ደግመው አይጠቀሙባቸው። ለከፍተኛ ኮምፕሬሽን በጥሩ ውህድ ብረት በተሠሩ ስታዶች ይተኩዋቸው። ስታድ ሲጠብቅ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ስለሆነ የብሎኩ ጥርስ አይጎዳም፣ የማጥበቅ ኃይሉም ከቡሎን ይልቅ ወጥ ይሆናል።
2. የቶርኩን ቁጥር ከስታዱ አምራች ይውሰዱ፤ የሞተሩ የፋብሪካ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለፋብሪካው ቡሎን ብቻ የሚያገለግል ነው።
3. ቅባቱን አይቀይሩ። ለሞተር ዘይት የተሰላ ቶርክ ይበልጥ በሚያንሸራትት የስታድ ቅባት ቢጠበቅ ስታዱ ከታሰበው በላይ ይወጠራል፤ በተቃራኒው ለስታድ ቅባት የተሰላው በዘይት ቢጠበቅ መፍቻው ቁጥሩን አሳይቶ እያለ ጫናው ይጎድላል።

ለማሻሻል ሲባል ቶርክ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ጫና የሲሊንደሩን ክበብ ያዛባል፣ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) ማሸግ ያቅታቸዋል። በዚህ ምክንያት ሲሊንደሩ ሲሞረድ በብሎኩ ላይ የቴስታታውን ቦታ የሚተካ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ይታሰራል። ሰሌዳው ሲታሰር በኋላ የሚገጠሙትን ስታዶችና ያንኑ የጋስኬት ዓይነት እንዲጠቀሙ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ይወስኑ

በተግባር የሚመረጡት ሦስት ዓይነቶች ናቸው።

*ግራፋይት የለበሰ ጋስኬት።* መሐሉ ቀጭን ብረት፣ ላዩ ግራፋይት ወይም ተመሳሳይ ለስላሳ ነገር ነው፤ በሲሊንደሩ ዙሪያም የብረት ቀለበት አለው። ትንሽ የሻከረ ፊትን ይታገሣል። ነገር ግን ለስላሳው ክፍል ከጊዜ ጋር እየተጨመቀ ስለሚሄድ የቡሎኖቹ ጫና ይቀንሳል። ለመጠነኛ ኮምፕሬሽን ይበቃል፤ ለውድድር የመጨረሻ ምርጫዎ ይሁን።

*ባለብዙ ንብርብር ብረት ጋስኬት።* በተለምዶ ኤምኤልኤስ የሚባለው ይህ ጋስኬት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ከሚደርሱ የማይዝግ ብረት ንብርብሮች ይሠራል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ንብርብሮች ከፍ ብለው የተቀረጹ ጉብታዎች አሏቸው፤ እነዚህ እንደ ሞላ እየተጨመቁና እየተመለሱ ቴስታታው በትንሹ ሲነሣ ይከተሉታል። ላዩ በስስ የጎማ ሽፋን ይለበጣል። ለዚህ ጋስኬት ትልቁ ምስክር የአልሙኒየም ቴስታታ በብረት ብሎክ ላይ ሲገጠም ነው፦ አልሙኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 400 ሚሊሜትር የሚረዝም ቴስታታ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከ0.7 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፤ ብሎኩ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱን በየሙቀቱ የሚሸከመው ጋስኬቱ ነው። ግራፋይት በዚህ መፋተግ ይላጣል፣ የብረት ንብርብሮቹ ግን ሳይቀደዱ ይችሉታል። ተፈጥሯዊ አየር ለሚስብም ሆነ ቱርቦ ላለው የውድድር ሞተር፣ የተለየ ምክንያት እስከሌለ ድረስ፣ ምርጫዎ ይህ ይሁን።

*ድፍን መዳብ።* እጅግ ከፍተኛ ግፊት ላላቸው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚፈቱ የአጭር ርቀት ፍጥነት ውድድር ሞተሮች ይመረጣል። ብቻውን ግን አያሽግም፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የማይዝግ ብረት ሽቦ ይገባለታል፣ ሽቦውም ከፊቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መዳቡን ይጫነዋል። ውሃና ዘይት የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች በማሸጊያ ካልታገዙ ያፈሳሉ። ረጅም ርቀት ለሚነዳ መኪና አልመክረውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመዳብ ጋስኬት ሽቦ የገባበት ብሎክ ላይ ኤምኤልኤስ አይግጠሙ። ሽቦው ንብርብሮቹን ይቆርጣቸዋል። ብሎኩ ቀድሞ ቦይ ካለው፣ ጋስኬቱ በቦዩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ፊቶች ያሳምሩ

ፊቱን በማሽን የሚያስልጉት ዓይነቱን ከወሰኑ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው ልስላሴ የተለያየ ነውና።

- ለኤምኤልኤስ የፊቱ ሻካራነት ከ1.27 ማይክሮን አርኤ (የሻካራነት አማካይ መለኪያ) መብለጥ የለበትም፤ 0.76 ማይክሮንና ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል።
- ለግራፋይት ከዚህ በመጠኑ የሻከረ ፊት ይስማማዋል፣ የሚይዝበት ያስፈልገዋልና።

ሻካራነትን በጥፍር ዳስሶ መገመት አይቻልም። የላገው ድርጅት በሻካራነት መለኪያ ለክቶ ቁጥሩን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ለጥ ማለቱን በማስመሪያውና በፊለር ጌጁ በርዝመት፣ በወርድና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ አቅጣጫዎች ይለኩ። ለውድድር ሞተር በየትኛውም አቅጣጫ 0.05 ሚሊሜትር የሆነው ፊለር ከሥር መግባት የለበትም። ብሎኩ ሸሚዝ (ለብቻው ተሠርቶ ብሎኩ ውስጥ የሚገባ የሲሊንደር ግድግዳ) ያለው ከሆነ የእያንዳንዱን ሸሚዝ ከፍታ በዲያል ኢንዲኬተር ይለኩ። ከብሎኩ ፊት ዝቅ ያለ ሸሚዝ ካለ የትኛውም ጋስኬት አያድነውም።

ፊቱ ላይ የተጣበቀ የአሮጌ ጋስኬት ሽፋን ለማስለቀቅ በመሰርሰሪያ የሚዞር ሻካራ ዲስክ አይጠቀሙ። አልሙኒየሙን በዓይን በማይታይ መጠን ያጎደጉደዋል፣ የሚረግፈው ብናኝም ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኑን ይፈጫል። የፕላስቲክ መፋቂያና ማሟሟያ ፈሳሽ ይበቃል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ደረጃ 5፦ ይለኩ

ይህ ከመላጉ በፊት ከተደረገ ቁጥሮቹ ዋጋ ስለማይኖራቸው አሁን ይለኩ።

1. የሲሊንደሩን ስፋት ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ በሁለት አቅጣጫ ይለኩ።
2. ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጥተው ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ እንዳለ ይለኩ። ኢንዲኬተሩን ከስፒኖቱ (ፒስተኑን ከቢዬላው የሚያገናኘው ፒን) መስመር በላይ ያድርጉት፤ በሌላ ቦታ ከለኩ የፒስተኑ መወዛወዝ ያሳስትዎታል።
3. ቫልቮቹንና ካንዴላውን ገጥመው፣ ሰሌዳውን በቅባት አጣብቀው፣ የማቃጠያ ክፍሉን በፈሳሽ እየሞሉ መጠኑን ይመዝግቡ። ሁሉንም ክፍሎች ይለኩ፤ አንዱን ለክቶ ሌሎቹን እኩል ናቸው ብሎ መገመት በዚህ ኮምፕሬሽን አያዋጣም።
4. የፒስተኑን ጉብታና የቫልቭ ቦታዎቹን መጠን ከአምራቹ ወረቀት ይውሰዱ፣ ወይም በተመሳሳይ መንገድ ይለኩ።

ደረጃ 6፦ የቀዳዳውን ስፋት ይምረጡ

የጋስኬቱ ቀዳዳ ከሲሊንደሩ ስፋት ከ0.75 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ቢሰፋ ጥሩ ነው። ከዚህ ጠቦ ጠርዙ ወደ ማቃጠያ ክፍሉ ቢገባ ይግላል፣ ካንዴላው ሳይተኩስም ድብልቁን ያቀጣጥላል። ሲበዛ ደግሞ ነዳጅ የሚደበቅበት ጠባብ ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የሚቀረው የማሸጊያ ወርድም ይቀጥናል።

የቴስታታውን የማቃጠያ ክፍል ጠርዝም አይርሱ። አንዳንዱ ቴስታታ ከሲሊንደሩ የሚሰፋ ክፍል ስላለው፣ ለብሎኩ የሚስማማ ጋስኬት በቴስታታው በኩል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ውፍረቱን በስሌት ያግኙ

የሚሰላው በቡሎኖቹ ጫና ተጨምቆ የሚኖረው ውፍረት ነው። አዲሱን ጋስኬት በካሊፐር ለክቶ ያንን ቁጥር መጠቀም ስሕተት ነው፤ የተጨመቀውን ውፍረት ከአምራቹ ይውሰዱ።

ሲሊንደሩ 86 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 86 ሚሊሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ። ፒስተኑ የሚጠርገው መጠን 499.6 ሲሲ ነው። የማቃጠያ ክፍሉ 44 ሲሲ ነው፤ የፒስተኑ ጉብታ የቫልቭ ቦታዎቹ ተቀንሰውለት 6.5 ሲሲ ይወስዳል። ስለዚህ የቀረው 37.5 ሲሲ ነው። ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ጋር እኩል ይቆማል። ኮምፕሬሽኑ የሚገኘው ጠቅላላው መጠን ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሳለ ለሚቀረው መጠን ሲካፈል ነው። የጋስኬቱ ቀዳዳ 87 ሚሊሜትር ከሆነ ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

- 0.8 ሚሊሜትር፦ ጋስኬቱ 4.8 ሲሲ ይይዛል፣ ኮምፕሬሽኑ 12.8 ለ1
- 1.0 ሚሊሜትር፦ ጋስኬቱ 5.9 ሲሲ ይይዛል፣ ኮምፕሬሽኑ 12.5 ለ1
- 1.3 ሚሊሜትር፦ ጋስኬቱ 7.7 ሲሲ ይይዛል፣ ኮምፕሬሽኑ 12.05 ለ1

ውሳኔው ግን በኮምፕሬሽን ብቻ አይሰጥም። በፒስተኑ አናትና በቴስታታው ጠፍጣፋ ፊት መካከል የሚቀረው ክፍተት የብረት ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ላለው ሞተር ከ0.9 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ሲሆን ድብልቁ በደንብ ይገፋል፣ ቃጠሎውም ይፈጥናል። በከፍተኛ ዙር ቢዬላው ስለሚለጠጥ ከዚህ በታች መውረድ ፒስተኑን ከቴስታታው ሊያጋጨው ይችላል። የአልሙኒየም ቢዬላ ይበልጥ ስለሚለጠጥ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይፈልጋል። በምሳሌያችን ትክክለኛው 1.0 ሚሊሜትሩ ነው።

ኮምፕሬሽን ለመቀነስ ብለው ወፍራም ጋስኬት የሚገጥሙ ብዙ ናቸው። ክፍተቱ ሲሰፋ የድብልቁ መገፋት ይዳከማል፣ ቃጠሎው ይዘገያል፤ ኮምፕሬሽኑ የወረደው ሞተር ከቀድሞው ይልቅ ሲያንኳኳ ሊገኝም ይችላል። ኮምፕሬሽን መቀነስ ካስፈለገ ፒስተኑን ይቀይሩ ወይም የማቃጠያ ክፍሉን ያስፉ፤ ክፍተቱን አይንኩት።

ደረጃ 8፦ ሳያሽጉ ይሞክሩ

ጋስኬቱን በመጀመሪያ በብሎኩ ላይ፣ ቀጥሎ በተገለበጠው ቴስታታ ላይ በማስተካከያ ፒኖቹ አስቀምጠው እያንዳንዱን ቀዳዳ ይመልከቱ። በሲሊንደሩ ዙሪያ የሚታየው የብሎክ ጠርዝ በሁሉም በኩል እኩል ይሁን። ጋስኬቱ ላይ ያሉት አንዳንድ የውሃ ቀዳዳዎች ከብሎኩ ቀዳዳ ሆን ተብሎ እንዲያንሱ ተደርገዋል፣ ውሃው ወደ ሩቁ ሲሊንደር እንዲደርስ ፍሰቱን ይመጥናሉና፤ አይበሱዋቸው፣ አያስፉዋቸው።

ከዚያም በቫልቮቹ ሥር ያለውን የፒስተን አናት በለስላሳ የሞዴል መሥሪያ ሊጥ ሸፍነው፣ ተመሳሳይ የተጨመቀ ውፍረት ባለው አሮጌ ጋስኬት ቴስታታውን አስረው፣ ካምሻፍቱን ገጥመው ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። ከከበደዎት አያስገድዱት። ሊጡን በምላጭ ቆርጠው ቀጭኑን ቦታ ይለኩ፦ ለመግቢያ ቫልቭ ቢያንስ 2.0፣ ለመውጫ ቫልቭ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ሊቀር ይገባል። ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ ያለ ሞተር ከሆነ ጋስኬቱ ሲቀጥን የካሙ ታይሚንግ በትንሹ ወደ ኋላ እንደሚዘገይ ያስታውሱና ደግመው ያስተካክሉት።

ደረጃ 9፦ ይግጠሙ

1. የቡሎን ጉድጓዶቹን ጥርስ በማጽጃ ጥርስ ማውጫ ያጽዱ፤ ብረት የሚቆርጠውን አይጠቀሙ። ከታች ድፍን የሆኑ ጉድጓዶችን በአየር ነፍተው ያድርቁ። ከሥር የቀረ ዘይት ወይም ውሃ ቡሎኑ ሲወርድ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል።
2. ወደ ውሃ መተላለፊያ የሚዘልቁትን ስታዶች በማሸጊያ፣ ሌሎቹን በተባለው ቅባት ቀብተው በእጅ ብቻ ያስገቡ።
3. ሁለቱን ፊቶች ቅሪት በማይተው ማሟሟያ ይጥረጉ። ከዚህ በኋላ በባዶ ጣት አይንኩዋቸው።
4. ኤምኤልኤስንና ግራፋይትን በደረቁ ይግጠሙ። ማሸጊያ የሚገባው ብሎኩና የሰንሰለቱ ሽፋን በሚገናኙበት ስፌት ላይ፣ ያውም በጠብታ መጠን ነው። መዳብ ከሆነ የውሃና የዘይት ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በስሱ ይቀቡ።
5. ቴስታታውን ለሁለት ይዘው ቀጥ አድርገው ያውርዱ። በጋስኬቱ ላይ አይጎትቱት፤ አንድ የፒን ጭረት ሽፋኑን ያበላሻል።
6. የጠነከሩትን ሮንዴላዎች ያስገቡ፣ የዳዶውን ጥርስና የሚያርፍበትን ፊት ይቀቡ።
7. ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እየዞሩ በሦስት ዙር ያጥብቁ፦ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሙሉ ቶርክ። መፍቻውን በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ይሳቡት።

ዳዶው ሲጠብቅ ከጮኸ ወይም ከተንቀጠቀጠ ቅባቱ አልደረሰም፤ ፈትተው፣ ቀብተው እንደገና ያጥብቁ። ዳዶው እየዞረ ቶርኩ ካልጨመረ ወዲያው ያቁሙ። የብሎኩ ጥርስ እየወጣ ወይም ስታዱ እየተለጠጠ ነው፤ ቴስታታውን አንሥተው ሳይመረምሩ አይቀጥሉ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ሙቀት

ውሃውን ሲሞሉ አየሩን በሙሉ ያስወጡ። ሞተሩን ያለ ጭነት ወደ ሥራ ሙቀቱ አድርሰው ያጥፉት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝም ይተዉት። ግራፋይትና መዳብ ከሆነ ቶርኩን በቅደም ተከተሉ ደግመው ያረጋግጡ። ኤምኤልኤስ አምራቹ ካላዘዘ እንደገና ማጥበቅ አያስፈልገውም።

ቀጥሎም እያንዳንዱን ፒስተን በላይኛው ጫፍ ላይ አቁመው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይስጡ። ለጤናማ የውድድር ሞተር የሚያመልጠው አየር ከ5 በመቶ አይበልጥም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን ይመልከቱ፤ አረፋ ከተነሣ ጋስኬቱ አልያዘም።

ችግር ሲፈጠር

*በዝቅተኛ ዙር ደህና ነው፣ በሙሉ ጭነት ግን ውሃው ይገፋል።* ቴስታታው እየተነሣ ነው። ቶርክ አይጨምሩ። ታይሚንጉን ይፈትሹ፣ ከዚያም ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው የስታዶቹን ጥንካሬ ወይም ውፍረት ያሳድጉ።

*አዲስ ኤምኤልኤስ ሲቀዘቅዝ በጎን በኩል ውሃ ያልባል።* ፊቱ ሻካራ ነው። ማሸጊያ ቀብቶ መድገም ለጥቂት ጊዜ ይደብቀው እንጂ አያድነውም፤ ፊቱ እንደገና ይላግ። ከተላገ በኋላ ደረጃ 5ንና 7ን ይድገሙ፣ የማቃጠያ ክፍሉ መጠን ቀንሷልና።

*ሁልጊዜ በሁለቱ ተመሳሳይ ሲሊንደሮች መካከል ይቃጠላል።* በዚያ ቦታ ያለውን የብሎክ ፊት በማስመሪያ ብቻ አይመኑት። የሸሚዞቹን ከፍታ በዚያ በኩል በሦስት ነጥብ ይለኩ። ልዩነት ካገኙ ሸሚዙ የተቀመጠበት እርከን ሰምጧል ማለት ነው፤ ሸሚዙ ወጥቶ እርከኑ ይስተካከላል፣ የብሎኩም ፊት ከሸሚዞቹ ጋር አንድ ላይ ይላጋል።

*ከአንድ ሙከራ በኋላ ቴስታታው ለሌላ ሥራ ተነሣ፣ ጋስኬቱም አዲስ ይመስላል።* ኤምኤልኤስ ከሆነ አይመልሱት፤ ጉብታዎቹ አንዴ ቅርጻቸውን ይዘዋል። መዳብ ግን ካልተጎዳ ቀላ እስኪል በእኩል አግለውና አቀዝቅዘው፣ ልስላሴው ሲመለስለት ማሸጊያውን በሙሉ አጽድተው እንደገና ሊገጥሙት ይችላሉ።